ሁለት ተው፣ ስድስት ንቀል

በቆሎ ባልና ሚስት እንዳለው ያወቅሁት በዚህ ዓመት ነው። የዘር ስልጠናው የተጀመረ ዕለት አሰልጣኟ አንድ አገዳ ከነሥሩ ነቅላ መጣችና ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። «ጫፉ ላይ ያለው ላባ የመሰለ አበባ ወንዴው ነው። ወገቡ ላይ ጸጉሯን አንዠርግጋ የምታዩዋት ደግሞ ሴቴዋ ናት» አለች። እኛ የኋላ ወንበሮች አፋችንን በመዳፋችን አፍነን ስንንፈቀፈቅ እኔ እጄን አወጣሁ።

«እትዬ፣ ባልየው አናት ላይ ወጥቶ ምን ይሠራል?»

«ዱቄት ይበትናል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይደርቃል።»

«እንደኛ ሰፈር ወንዶች ነዋ!» አለች ጥርሶ። ጥርሶ ጓደኛዬ ናት፤ ስሙን ያወጣንላት አፏ ተገጥሞ ስለማያውቅ ነው። መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። አሰልጣኟም ፊቷን ወደ ሰሌዳው ብታዞርም ትከሻዋ ሲነቃነቅ አየናት።

አዎ፣ የምንሰለጥነው መጋዘን ውስጥ ነበር። ማኅበሩ አዳራሽ የለውም። ፊት ለፊት የላስቲክ ወንበር፣ ከኋላ እስከ ጣሪያ የተቆለለ ጆንያ፣ በመሀል የነቀዝ መድኃኒት ሽታ። ሰልጣኞቹ ሁለት ዓይነት ነን። አንዶቹ እንደ እማ ያሉ ዘር አባዦች ናቸው፤ የሚበላ በቆሎ ሳይሆን ሌላው ገበሬ ገዝቶ የሚዘራውን ዘር በማሳቸው የሚያመርቱ። ሌሎቹ ደግሞ እንደ እኔና ጥርሶ ያለን፣ ከትምህርት ቤት ቀድመን የወጣን፣ ላባ ነቃዮች።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ማሳው ላይ ሁለት ዓይነት በቆሎ በረድፍ ይዘራል፤ ሁለት ረድፍ ባል፣ ስድስት ረድፍ ሚስት፣ እንደገና ሁለት ባል፣ ስድስት ሚስት፣ እያለ ይሄዳል። ዘር ሆኖ የሚሸጠው ከሚስቶቹ የሚለቀመው ብቻ ነው። ግን ሚስቲቱም አናቷ ላይ የራሷ ላባ አላት፤ ከተተወች የራሷን ዱቄት በራሷ ጸጉር ላይ አራግፋ ታርፈዋለች። ስለዚህ የሚስቶቹ ላባ ዱቄቱን ሳይበትን፣ ገና ከቅጠሉ ብቅ እንዳለ፣ አንድ በአንድ ይነቀላል። ያኔ ሚስቲቱ ሳትወድ በግድ ነፋስ ከባልየው ረድፍ የሚያመጣላትን ትቀበላለች። ከሁለቱ የሚወለደው ነው ምርጥ ዘር የሚባለው። በጠርዙ በኩል ብቻ፣ የሰው ማሳ በሚያዋስነን ወገን፣ የባል ረድፍ አራት ይሆናል። ከውጭ የሚመጣ ባዕድ ዱቄት እንዳያልፍ እንደ አጥር ነው።

«አንድ ሚስት ላባዋን ይዛ ከቀረችስ?» ብላ ጠየቀች እማ። እማ ስልጠናው ላይ አታወራም ነበር። ይህችን ብቻ ጠየቀች።

«ከቀረች ውሸታም ዘር ትወልዳለች» አለች አሰልጣኟ። «መልኩ ያው ነው። ያበራል፣ ይከብዳል፣ ቤተ ሙከራ ገብቶ ቢበቅል እንኳ ይበቅላል። ገዝቶ የዘራው ሰው ግን ጉልበቱ ድረስ የቀጨጨ አገዳ ያገኛል። ያንን ሰው እናንተ አታዩትም። እያለቀሰ ማን እንደሸጠለት አያውቅም።»

እማ ራሷን ነቀነቀች። እሷ ያንን ሰው ታውቀዋለች። ያ ሰው እኛ ነን። አንድ ዓመት ከገበያ የተገዛ፣ ጆንያው የተሰፋ፣ የሚያምር ዘር ዘርተን ማሳው ጉልበታችን ላይ ደርሶ ቆመ። እኔ ከአምስተኛ ክፍል የወጣሁት በዚያ ዓመት ነው። እንዲያውም እማ ዘር አባዢ ካልሆንኩ ብላ የማኅበሩን ደጅ መጥናት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። «ሌላ ሰው እንዲያ እንዳይሆን» ትላለች። እኔ ደግሞ «ምናለ እኛም መሬት እንድናገኝ ነው ብትዪ» እላታለሁ።

ነገሩ ይኸው ነው፤ መሬቱ የማኅበሩ ነው። ለዘር አባዢ የሚሰጠው ማሳው በተቆጣጣሪ ታይቶ እስካለፈ ድረስ ነው። አንድ ጊዜ ከወደቀ ወረፋ ለሚጠብቀው ይሰጣል። ከእማ ቀጥሎ ወረፋ የያዘው ባለጋሪው ጎረቤታችን ነው። በጋሪው ባለፈ ቁጥር ፈረሱን አቁሞ ማሳችንን በዓይኑ ይመዝናል፣ «እንዴት ነው፣ አደገላችሁ?» ይላል፣ ይሄዳል። ከዚያ ማሳ ሌላ እኛ ያለን የቤቱ ጓሮ ነው፤ ጓሮውም ሁለት ዶሮ ቢጣሉበት የሚጠብ ነው።

ወደ ዘር ቤተ ሙከራም ወስደውናል። ነጭ ካፖርት የለበሱ ሴቶች ዘሩን በወረንጦ እያነሱ ቆሻሻውን፣ ባዕዱን፣ የተሰበረውን ይለያሉ። የተቆጠረ ዘር በእርጥብ ወረቀት ይጠቀልሉና በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ ያቆሙታል፤ ቀኑ ሲደርስ ፈትተው ስንቱ እንደበቀለ ያያሉ። «ከመቶ ዘጠና ካልበቀለ ይወድቃል» ሲሉን እኔ ለጥርሶ፣ «አየሽ፣ ዘሩም ፈተና ይቀመጣል። እኔ እኮ በሂሳብ አርባ ነው ያመጣሁት፤ እዚህ ብሆን ለከብት ይሰጡኝ ነበር» አልኳት። ወረንጦ የያዘችው ሴትዮ ሳቀችና ዘሩ ተበተነባት። ከዚያ ዝም በሉ ተባልን።

አሁን ስለ አባዬ ልንገራችሁ።

አባዬ ዕድሜውን በሙሉ በቆሎ የዘራ ሰው ነው። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ግን ደጅና ቤት ይለያል እንጂ ቀይና አረንጓዴ አይለይም። ስልጠናው ከአንድ ቤት አንድ አባዢ ሲል እማ ተመዘገበች፤ እኔ በሠራተኛ ወገን ገባሁ፤ እሱ በር ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ማታ ማታ ስንመለስ የዕለቱን ያስነግረኛል።

«እስቲ ምላሴ፣ ዛሬ ምን አሏችሁ?» ምላሴ የሚለኝ እኔን ነው።

«ባል ሁለት፣ ሚስት ስድስት።»

«ማሳ ነው ቤተ መንግሥት?»

«ሰማሽ እማ፣ አባዬ አማረው።»

«ይመረው» ትላለች እማ ከጓዳ። «አንዷን መቼ ቻለ።»

እየሳቀ ያስደግመኛል። ከጥርሶ ጋር በጭብጨባ የምንላት ነገር ነበረችን፤ ስንሄድም ስንመጣም፣ «ሁለት ተዪ፣ ስድስት ንቀዪ! ሁለት ተዪ፣ ስድስት ንቀዪ!» እሱም ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ በዱላው መሬቱን እየመታ፣ ወደ ወንድ አዙሮ ይላታል። «ሁለት ተው፣ ስድስት ንቀል።» ስለ ጠርዙ ግን በጭብጨባችን ውስጥ አልነበረም። አራት ለዜማው አይመችም።

አንድ ቀን እማ ባልዲ ልታነሳ ስትል ቀደም ብሎ ያዘው፤ ደጃፉ ላይ ተደናቅፎ ውሃው ፈሰሰ። እማ ልትወለውል ጨርቅ አመጣች። እሱ ተመልሶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። በማግስቱ ግን፣ «እንደ ዕቃ አስቀመጣችሁኝ» አለኝ፣ ለብቻዬ።

የስልጠናው መጨረሻ ዕለት የምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ስለሆነ እማም እኔም መሄድ ነበረብን። ላባው ገና ከቅጠሉ ውስጥ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። አሰልጣኟ «ነገ ተቆጣጣሪው ከምሳ በኋላ እናንተ ዘንድ ይመጣል፤ ጠዋት ነቅላችሁ ጠብቁት» ብላን እኔ፣ ጥርሶና ሌሎቹ ልጆች በጠዋት ልንወርድበት ተቀጣጥረናል። ወረቀቱን ሰጡን፤ ከወረቀቱ ጋር ቢጫ ኮፍያ። ፎቶ ተነሳን። እማ ፎቶ ሲነሱ ትንፋሿን ስለምትይዝ ልትሰጥም የደረሰች ትመስላለች፤ ያን ቀን ግን ሳቀች። በሕይወቷ የያዘችው የመጀመሪያ የምስክር ወረቀት ነው።

ቤት ስንደርስ ድንጋዩ ላይ አባዬ የለም።

ያገኘነው ማሳው ዳር ነው። አገዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ፀጉሩ፣ ቅንድቡ፣ ትከሻው የቅጠል ፍርፋሪ ለብሷል። መዳፉ በቅጠል ተቆራርጦ አረንጓዴና ቀይ ሆኗል። እንዲያ ሲስቅ ዓይኑ ሳይጋረድ በፊት ነበር ያየሁት።

«ጨረስኩት!» አለን። «ነገ ማንም እንዳይለፋ። በእጄ እየዳሰስኩ አንድም ሳይቀረኝ። ላባዋ ብቅ ያላለችውን ቅጠሉን ገልጬ አወጣኋት።»

እማ ወረቀቷን እንደያዘች ቆመች።

«ከየት ጀመርክ?» አለችው። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። እኔ ያን ልስላሴ አውቀዋለሁ፤ ብርጭቆ ሊወድቅ ሲል እንዲህ ነው የምትናገረው።

«ከጠርዝ ነዋ! ከሰውየው ማሳ በኩል። ሁለት ተውኩ፣ ስድስት ነቀልኩ። ሁለት ተውኩ፣ ስድስት ነቀልኩ። አንድም ቦታ አልተሳሳትኩም።»

እውነቱን ነው፤ አንድም ቦታ አልተሳሳተም።

እኔ በሂሳብ አርባ ያመጣሁት ልጅ እዚያው ቆሜ አሰላሁት። ጠርዙ ላይ ባሎቹ አራት ናቸው። እሱ ሁለቱን ትቶ ሲቆጥር ሁለት ባልና አራት ሚስት ነቀለ። ከዚያ የተዋቸው ሁለቱ ሚስቶች ናቸው። ከዚያ እንደገና ሁለት ባል፣ አራት ሚስት። ማሳው እስኪያልቅ እንዲያ እያለ፣ ሳይዛነፍ፣ ከጠርዙ ሁለት ረድፍ በቀር ባል የተባለውን በሙሉ ገፎታል። የባል ረድፎቹን ለመለየት በየጫፉ ቀይ ጨርቅ ያሰርንበት ዱላ ተክለን ነበር፤ ጨርቁ ከእማ አሮጌ ቀሚስ የተቀደደ ነው። ቀይ ለእሱ ምኑ ነው?

«እንዴት ነው?» አለ አባዬ። ፊቱን ከእማ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እማ ያዞራል፤ የት እንደቆምን በትንፋሻችን ነው የሚያውቀው። «ምነው ዝም አላችሁ?»

«ደንግጠን ነው» አለች እማ። «ይህን ሁሉ ብቻህን!»

እጁን ይዛ አስነሳችው። ቤት ገብተን ውሃ አሙቃ መዳፉን አጠበችለት፤ በእሾህ ማውጫ መርፌ ስንጥሩን አወጣችለት። እሱም ስለ ማሳው አወራ፤ ስለ አገዳው ውፍረት፣ ስለ ቅጠሉ ቅዝቃዜ፣ ጉልበቱ እንዳልከዳው። እራቱን በልቶ ጨረሰ። ጠግቦ ሲበላ ካየሁት ቆይቼ ነበር።

እኔና እማ ዕቃ ልናጥብ ብለን ጓሮ ወጣን። አንድም ሳህን አላጠብንም።

«ሙሉ በሙሉ ነው?» አለችኝ።

«ከጠርዙ ሁለት በቀር።»

«ሁለት ረድፍ ዱቄቱን ለዚያ ሁሉ ሚስት አያደርስም።»

«አያደርስም።»

«የነቀለው መልሶ አይወጣም።»

«እማ፣ ላባ እኮ ነው፤ ጥፍር አይደለም።»

ልትቆጣ ብላ አየችኝ፤ አልተቆጣችም። መሬት ላይ ተቀመጠች። «ነገ እውነቱን ብነግረው» አለች፣ «የቀሩትን ሚስቶች ላባ እንነቅላለን፤ ማሳው ባል የሌለው ያህል ይሆናል። እሸቱ ፍሬ የሌለው ቆረቆንዳ ብቻ ይወጣል። እሱም ያው ውድቅ ነው።» ከዚያ ጨርቁን አነሳችው፤ ማለት ጨርቁን በወሬ አነሳችው። «ጨርቁ ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ ቢመጣስ?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ረድፎቹን በጣቴ ቆጠርኩ። አባዬ ሳይዛነፍ ስለሳተ ማሳው አሁንም ሁለት ባለ ላባ፣ ስድስት የተነቀለ ነው። ዱላዎቹን ሁለት ሁለት ረድፍ ብናዛውራቸው ላባ ያላቸው ሚስቶች ባል ይባላሉ፣ የተገፈፉት ባሎች ሚስት ይባላሉ። ጠርዙን ቆሞ ካልቆጠረ በቀር፣ ለሚያይ ሰው ማሳው ከማንም ማሳ የበለጠ ንጹሕ ነው። እሸቱም ይሞላል፤ ሚስቶቹ ከሚስቶቹ ዱቄት ይቀበላሉ። የሚያበራ፣ የሚከብድ ዘር ይወጣል።

«ውሸታም ዘር» አልኩ።

«አውቃለሁ።»

«ጉልበት ድረስ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ!» ብላ ጮኸች። ከቤት ውስጥ አባዬ «ምንድነው?» አለ። «ድመት ናት!» አለችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ለእሱ ምን ብዬ ልንገረው? አንተ ነህ ያጠፋኸን ልበለው?»

ያልታጠቡትን ሳህኖች መደርደር ጀመርኩ፣ እኔ ለሁሉ ነገር መልስ ያለኝ ልጅ።

ጎህ ሲቀድ ዱላዎቹን አዛወርናቸው። ያረጀውን ቀዳዳ በተረከዜ እደፍናለሁ፣ እማ አዲሱን ትተክላለች። የባልየው ዝርያ አገዳው እግሩ ላይ ወይን ጠጅ ነው፣ የሚስትየዋ አረንጓዴ፤ ስለዚህ እማ በዶማ አፈር እየሳበች የተገፈፉትን ባሎች እስከ ቁርጭምጭሚታቸው አስታቀፈቻቸው። ያሳዘነኝ ነገር ይህን ሥራ እንኳ አሳምራ መሥራቷ ነው። ጥርሶና ልጆቹ ሲመጡ «አባቷ ጨርሶታል» ብላ መለሰቻቸው። ጥርሶ «ጎሽ የኛ ጎበዝ!» ብላ የአባዬን ግንባር ሳመች። እሱ እንደ ሙሽራ አፈረ።

ተቆጣጣሪው ከምሳ በኋላ መጣ። ጎንበስ ቀና ነው የምንለው፤ በየአምስት እርምጃው ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ያያል። ትሑት ሰው ነው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ጫማው ሁልጊዜ ጭቃ።

«እንደምን ዋሉ እናት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይግቡ፣ ውሃ ይጠጡ።»

«በኋላ። መጀመሪያ እነሱን» አለና ወደ በቆሎው ገባ። እኛ ዳር ቆምን። እኔ ቢጫ ኮፍያዬን አድርጌያለሁ፤ ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም። በረድፎቹ መሀል ጀርባው ብቅ ጥልቅ ይላል። እማ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትጸልይ ይሁን ትቁጠር አልለየሁም።

ወጣ። ፈገግ ብሏል።

«በዚህ ዙር ካየኋቸው ማሳዎች እንዲህ ንጹሕ አላየሁም። የተሰበረ ቅጠል እንኳ የለም። ማነው የነቀለው?»

እማ «ልጆቹ...» ብላ ጀመረች።

«እኔ ነኝ!» አለ አባዬ።

ከድንጋዩ ተነስቶ ነበር። ዱላውን ይዞ፣ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ፣ ወደ ድምፁ መጣ። ተቆጣጣሪው ዓይኑን አየ፣ መዳፉን አየ።

«እርስዎ? እንዴት አደረጉት አባት?»

«በዳሰሳ! ልጄ አስተማረችኝ። ሁለት ተው፣ ስድስት ንቀል። ከጠርዝ ጀምሬ...»

ክንዱን ቆነጠጥኩት።

«አንቺ፣ ምን ትቆነጥጪኛለሽ? ከጠርዝ ጀምሬ፣ ከመጀመሪያው ረድፍ፣ ሁለት ተውኩ፣ ስድስት ነቀልኩ። ይቁጠሩት! አንድ ቢዛነፍ ከምላሴ ፀጉር!»

ተቆጣጣሪው ፈገግታው አልጠፋም፤ ቆመ ብቻ፣ እንደተረሳ ነገር። «ከመጀመሪያው ረድፍ» አለ። «ጠርዙ ላይ... ስንት ነበር የተዘራው እናት?»

እማ ጎንበስ ብላ የእግሯን አፈር አራገፈች።

«ሁለት ነዋ!» አለላት አባዬ። «ባል ሁለት፣ ሚስት ስድስት። ይህን እኔም አውቀዋለሁ፣ እርስዎ አያውቁትም?» ብሎ ሳቀ። ብቻውን ሳቀ።

ተቆጣጣሪው ወደ ጠርዙ ተመለሰ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጎንበስ አለ። ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ እማ ያስታቀፈችውን አፈር ጫር ጫር አደረገ። ከሩቅ አላየሁትም፣ ግን ቀለሙን አውቀዋለሁ። ቀጠለና በተረከዜ የደፈንኩትን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ጠቀጠቀው፤ ጣቱ ገባ። ሲመለስ ፊቱ የለቅሶ ቤት ፊት ነበር።

«እናት፣ ይህ ቀይ ጨርቅ ትናንት የት ነበር?»

«የት ይሄዳል?» አለ አባዬ። «ጨርቅ እግር አለው እንዴ?»

ማንም አልሳቀም። ያኔ ነው ፊቱ መለወጥ የጀመረው። ዝምታን ከኛ ሁሉ ይበልጥ የሚሰማው እሱ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች እማ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አስነቅዬው ነው፣ በደንብ ሳልነግረው። ጨርቁንም እኔ ነኝ።» የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባላል፤ እሷ ለራሷ ላከከችው።

«ምኑን ነው ያጠፋሽው?» አለ አባዬ። መልስ ሲያጣ ዱላውን ጥሎ ወደ ጠርዙ ሄደ። እጁን ዘርግቶ የመጀመሪያውን አገዳ ያዘ፤ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው፣ ቅጠሉን በጣቶቹ መሀል አሸው። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን ሲይዝ ቆየ። አራተኛውን ያዘ። ከዚያ አምስተኛውን ያዘና ወዲያው ለቀቀው፣ እንዳቃጠለው። ተመልሶ አራተኛውን ያዘ። የባልየው ቅጠል ሸካራ ነው። ሙሉ ቀን ሲነቅለው እጁ ላይ ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ የነገረው አልነበረም።

«አራት ናቸው» አለ።

ተቆጣጣሪው ኮፍያውን አወለቀ። «አባት፣ አዝናለሁ። ብተወው ደስ ባለኝ። ግን ይህን ዘር የሚገዛ ሰው አለ።»

«እናውቀዋለን» አለች እማ።

ማሳው ውድቅ ሆነ። ባለ ላባዎቹ ዱቄት ሳይበትኑ፣ ከጎረቤት ዘር ጋር ሳይቀላቀሉ፣ በቶሎ እንዲታጨድ ታዘዘ። ተቆጣጣሪው ሲሄድ ውሃውን ሳይጠጣ ሄደ።

በማግስቱ አጨድነው። አረንጓዴ፣ ለምለም፣ ጸጉሩ ገና እንደ ሕፃን ጸጉር የለሰለሰ። አባዬ ማጭድ ስጡኝ አለ፤ ማንም እምቢ አላለውም። ጥርሶም መጥታ ነበር፤ አፏ ተገጥሞ ያየሁት ያን ቀን ነው። «እንግዲህ ከብቶቹ በምርጥ ዘር ይምነሸነሹ» አልኳት፣ እንድትስቅልኝ። አልሳቀችም። እማ ወረቀቷን ግድግዳ ላይ ለመስቀል ምስማር አዘጋጅታ ነበር። ምስማሩን መሳቢያ ውስጥ፣ ወረቀቱን ፍራሽ ሥር አየሁት።

ባለጋሪው የመጣው ማሳው ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እሰድበው ነበር፤ ክፉ አይደለም። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ እንደ ለቀስተኛ። አምስት ልጆች አሉት። ትንሽ ቆሞ ወደ ማሳው ዳር ሄደ፣ እኛ የማናየው መስሎት ጠርዙን በእርምጃ መለካት ጀመረ።

አባዬ ድንጋዩ ላይ ነበር። እማ ከእግሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ ከዱላዎቹ ቀዩን ጨርቅ ትፈታለች። ቋጠሮው ጠብቆባት በጥርሷ ትይዘዋለች።

«ነይ ምላሴ» አለኝ። «ያንን ቁጥር እንደገና ንገሪኝ። ሙሉውን።»

«ጠርዝ ላይ አራት ተው» አልኩት። «ከዚያ ስድስት ንቀል። ከዚያ ሁለት ተው፣ ስድስት ንቀል።»

በተቆራረጡት ጣቶቹ ቆጠረው። «አራት። ስድስት። ሁለት። ስድስት።» አንዴ ተሳሳተና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሁለተኛው ላይ ያዘው።

«አሁን ገባኝ» አለ። «ለከርሞ አልሳሳትም።»

ቀልድ ነው ብዬ ፊቱን አየሁት። ቀልድ አልነበረም። እማ ጨርቁን በጥርሷ እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። ባለጋሪው የማሳው መጨረሻ ደርሶ፣ እርምጃውን በአፉ እየቆጠረ፣ ወደ እኛ መመለስ ጀምሯል።

«አዎ አባዬ» አልኩት።

«ጠርዝ ላይ አራት ተው» አለ፣ በዱላው መሬቱን እየመታ።